የጄኔራሉ ፋይል በማን እጅ ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

አንድ ጄኔራል ታሰረ፣ ከኃላፊነቱ ተነሣ ወይም «በራሱ ጥያቄ» ጡረታ ወጣ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር የሚጠየቀው ያው ነው፤ ምን አጠፋ? ስንት በላ? ከእነማን ጋር? ጥያቄዎቹ ነውር የለባቸውም። የሚዘለለው ግን ዋናው ነው። አቤቱታው መጀመሪያ ለማን ቀረበ? በማን ጠረጴዛ ላይ ስንት ወር ተኛ? ክስ የመመሥረትም ሆነ ፋይሉን የመዝጋት ሥልጣን የማን ነበር? የከፍተኛ መኮንኖችን ተጠያቂነት የታሳሪ ቁጥር አይለካውም፤ የፋይሉን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከአዛዥነት ባሕርይ ይጀምራል። አዛዥ ያዝዛል፣ ይቀጣል፣ የበታቾቹን የሥራ አፈጻጸም ይሞላል፣ ለማዕረግና ለትምህርት ያጫል። በብዙ አገሮች ልማድ ምርመራ እንዲከፈት የሚያዘውም፣ ጉዳዩን ወደ ወታደራዊ ፍርድ ቤት የሚመራውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ እጅ የተሰበሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥበቃ ላይ የተኛን ወታደር ጉዳይ ሦስት ወር ማንከባለል አይቻልም፤ ዛሬ ካልተቀጣ ነገ ሌላው ይተኛል። ጣጣው የሚመጣው ተከሳሹ ራሱ አዛዡ ሲሆን ነው። አቤቱታው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጄኔራሉ ቢሮ ሲደርስ ጠርዙ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል፤ ተጣርቶ ይቅረብልኝ» ተብሎ ይመራል። የሚመለከተው ክፍል ኃላፊ ኮሎኔል ነው። የኮሎኔሉን የዓመት ምዘና የሚሞላው ደግሞ ያው ጠርዙ ላይ የፈረመው ጄኔራል ነው። ኮሎኔሉ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን ምርመራው ገና ሳይጀመር ተጠርጣሪው የአመልካቹን ስም፣ የቀረበበትን ነጥብና የምስክሮቹን ዝርዝር አንብቦ ጨርሷል። በሳምንቱ አንዱ ምስክር ሩቅ ወዳለ ክፍል ይዛወራል፤ ሌላው ለኮርስ ይላካል። ዝውውርና ኮርስ ወረቀት ላይ ሲታዩ ቅጣት አይመስሉም፤ ኮርስማ እንዲያውም ሽልማት ይመስላል። በቀል መፈጸሙን ማስረዳት የሚከብደው ለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነው፦ የጄኔራል መኮንን ስም ያለበት አቤቱታ በዚያ ጄኔራል ሥር ባለ መዝገብ ቤት ማለፍ የለበትም። ከዕዙ ውጭ ያለ አካል ይቀበለው፤ አመልካቹ ቀንና ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይያዝ፤ አቤቱታው ከገባበት ቀን ጀምሮ የምስክሮች ዝውውር ያለ መርማሪው የጽሑፍ ስምምነት ይታገድ። ዝውውሩ ለግዳጅ የግድ ከሆነ አዛዡ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበት። ፊርማ ያለበት ወረቀት ብዙ ነገር ያስተካክላል።

ተቀባይ ማቋቋም ብቻውን ግን አይበቃም። በ2018 የካናዳ የመከላከያ እንባ ጠባቂ በወቅቱ ኤታማዦር ሹም በነበሩት ጄኔራል ጆናታን ቫንስ ላይ የቀረበ፣ የወሲብ ምግባርን የሚመለከት አቤቱታ ይዘው መከላከያ ሚኒስትሩ ዘንድ ገቡ። ሚኒስትሩ ማስረጃውን ለማየት ፈቃደኛ አልሆኑም። በኋላ ሲጠየቁ ፖለቲከኛ በምርመራ ውስጥ እጁን ማስገባት የለበትም አሉ። ሲሰሙት ያሳምናል። ሆኖም ጄኔራሉ እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ በቦታቸው ቆዩ። እንባ ጠባቂው ማስረጃ መቀበል እንጂ መክሰስ አይችሉም፤ ሚኒስትሩ ማንበብ አልፈለጉም፤ በሁለቱ መካከል ፋይሉን የመረከብ ግዴታ ያለበት ሰው አልተገኘም። ተቀባይ አለ፣ ተረካቢ የለም። ሕግ ሲረቀቅ እንባ ጠባቂ ስለ መሾም ብዙ ይወራል፤ እንባ ጠባቂው ፋይሉን ለማን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያስረክብ ግን አንድ አንቀጽ እንኳ የማይጻፍበት ጊዜ አለ።

ያው የቫንስ ጉዳይ ሌላም ቀዳዳ አሳይቷል። በካናዳ የመከላከያ ሕግ ተከሳሹ ብርጋዴር ጄኔራል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በወታደራዊው ችሎት ከሚሰየሙት መኮንኖች የበላዩ ማዕረጉ ከተከሳሹ ማነስ የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በሠራዊቱ ውስጥ የሙሉ ጄኔራልነት ማዕረግ ያለው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ራሱ ኤታማዦር ሹሙ። ስለዚህ በእሱ ላይ የሚሰየም ችሎት ከየትም አይመጣም። ክሱ ወደ ሲቪል ፍርድ ቤት ሄደ። በማርች 2022 ቫንስ የፍትሕ ሥራን በማደናቀፍ ጥፋተኝነታቸውን አመኑ፤ የወንጀል ሪከርድ ሳይያዝባቸው 80 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ ታዘዙ። በዚያው ዓመት በሜይ የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሉዊዝ አርቡር 48 ምክረ ሐሳቦች ያሉት ሪፖርት አቀረቡ፤ ከእነዚህ አንዱ የወሲብ ወንጀሎች ከወታደራዊው ሥርዓት ወጥተው ለሲቪሉ እንዲተላለፉ የሚል ነው።

«የበታች በበላይ ላይ አይፈርድም» የሚለው ደንብ መነሻው ክፉ አይደለም። ሻለቃ ነገ የሚያዝዘውን ጄኔራል ዛሬ በነፃ ኅሊና ይፈርድበታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ጡረተኛ ጄኔራሎችን ጠርቶ ችሎት መሙላት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ያስኬዳል። ነገር ግን ጡረተኞቹ የተከሳሹ የአንድ ኮርስ ጓደኞች ከሆኑ ነገሩ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ይሆናል። በኔ ግምት መለያው ማዕረግ ሳይሆን የጥፋቱ ዓይነት ቢሆን ይሻላል። ጉቦ፣ ስርቆት፣ አስገድዶ መድፈር የትም ወንጀል ናቸው፤ ለነዚህ የጦር ሜዳ ዕውቀት አያስፈልግም፣ ሲቪል ዳኛ ይያዛቸው። ወደ ኋላ ያፈገፈገ አዛዥ ትእዛዝ ጥሶ ነው ወይስ ጦሩን ለማዳን የሚለውን ግን ጦር ያልመራ ሰው ሊመዝነው አይችልም።

ፍርድ ተሰጥቶም ነገሩ የማያልቅበት ጊዜ አለ። በፌብሩዋሪ 2013 በአውሮፓ የነበረ አንድ የአሜሪካ አየር ኃይል ሌተና ጄኔራል፣ ወታደራዊ ችሎት በወሲብ ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ አንድ ዓመት እስራትና ከሠራዊቱ መሰናበት የፈረደበትን የአንድ ሌተና ኮሎኔል ፍርድ እንዳለ ሰረዘው። ሕግ አልጣሰም፤ ችሎቱን ላቋቋመ አዛዥ ሕጉ ይህን ሥልጣን ይሰጠው ነበር። ቁጣው ከፍ ሲል የአገሪቱ ምክር ቤት በዓመቱ መጨረሻ በከባድ ወንጀሎች ላይ ይህን ሥልጣን ለአዛዦች ነፈገ። በዲሴምበር 2021 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨምሮ፣ በግድያ፣ በአስገድዶ መድፈርና በመሳሰሉት የመክሰስ ውሳኔን ከአዛዦች ወስዶ ለልዩ ዐቃብያነ ሕግ ሰጠ፤ ሥራው የተጀመረው ዲሴምበር 28 ቀን 2023 ነው። የነዚህ ዐቃብያነ ሕግ ኃላፊዎች ተጠሪነት ለጄኔራሎች ሳይሆን በቀጥታ ለየኃይሉ ሲቪል ኃላፊ ነው። ጥሩ ሥራ ነው። የወንጀሎቹን ዝርዝር ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ይጎድልበታል። የግዥ ማጭበርበር፣ ሐሰተኛ የጉዞ ሒሳብ፣ የመንግሥት ንብረትን ለግል ማዋል እዚያ ውስጥ የሉም። ወንበር ላይ የተቀመጠ ጄኔራል ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ደግሞ በነዚህ ነው።

ወደ ገንዘቡ ከመጣን፣ ከሁሉም የሚጎዳው የሌለ ወታደር ደመወዝ ነው። በ2014 መጨረሻ የኢራቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃይደር አል-አባዲ በአራት ክፍለ ጦሮች ብቻ 50,000 የሌሉ ወታደሮች በደመወዝ መዝገብ ላይ መገኘታቸውን ለፓርላማ ተናገሩ። የኢራቋ ከተማ ሞሱል በአይሲስ ታጣቂዎች እጅ የወደቀችው በዚያው ዓመት በጁን ነበር። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የሞተ ወይም የከዳ ወታደር ስም ሳይሰረዝ ይቆያል፣ ደመወዙን ሌላ ይበላል። ሁለተኛው ይረቅቃል፤ ወታደሩ በሕይወት አለ፣ ቤቱ ተቀምጧል፣ ከደመወዙ ግማሹን ለአዛዡ ይለቃል። ይህኛው በመታወቂያም በአሻራም አይያዝም፤ አሻራውን መጥቶ ይሰጣላ!

የሚይዘው የሦስት ወረቀት ንጽጽር ነው። የደመወዝ ዝርዝር በፋይናንስ፣ የቀለብ ወጪ በስንቅ ክፍል፣ የጦር መሣሪያ መዝገብ በግምጃ ቤት ይያዛል። አንድ ሻለቃ ለ620 ሰው ደመወዝ እየተቀበለ ለ430 ሰው ቀለብ ካወጣና ያደለው ጠመንጃ 445 ከሆነ፣ 190 ሰው የት እንዳለ መጠየቅ አለበት። በፈቃድ ያለ የፈቃድ ወረቀት፣ ሆስፒታል ያለ የሪፈር ወረቀት፣ ሥልጠና የሄደ የጉዞ ትእዛዝ ይኖረዋል። ወረቀት የሌለው የለም ማለት ነው። የቁም ቆጠራ ሲደረግ ደግሞ ክፍሎቹን ተራ በተራ መቁጠር ከንቱ ድካም ነው፤ ዛሬ የተቆጠረው ሰው ሌሊቱን በመኪና ተጭኖ ነገ በጎረቤት ሻለቃ ይቆጠራል። የክፍለ ጦሩ ሻለቆች ሁሉ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት፣ ቀድሞ ሳይነገር ይቆጠሩ። ደመወዝ በባንክ መከፈሉም ብቻውን አያድንም፤ የወታደሮቹ የባንክ ካርድ በአዛዡ መሳቢያ ከታሰረ ባንኩ ምን ያድርግ? ጄኔራሉ ዝርዝሩን ራሱ አይጽፍም፣ አላውቅም ሊል ይችላል። በየወሩ የኃይል ሁኔታ ሪፖርት ላይ የሚፈርመው ግን እሱ ነው፤ መጠየቅ ያለበትም በዚያ ፊርማ ነው።

የግዥውን በተመለከተ የአሜሪካ ሰባተኛ መርከብ ኃይል ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በእስያ ወደቦች ለጦር መርከቦች ጀልባ፣ ነዳጅ፣ ውኃና የፍሳሽ ማንሳት አገልግሎት ያቀርብ የነበረው ነጋዴ ሊዮናርድ ግሌን ፍራንሲስ መኮንኖችን በግብዣ፣ በሆቴልና በሴት እየያዘ የመርከቦቹን ጉዞ ሒሳቡን ወደሚያጋንንባቸው ወደቦች ያስመራ ነበር። በ2013 ተያዘ፤ ባሕር ኃይሉን ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማጭበርበሩን አመነ። ሪር አድሚራል ሮበርት ጊልቦ ለመርማሪዎች በመዋሸት በ2017 የ18 ወር እስራት ተፈረደበት። ብዙ ሰው የሚያነሣው አድሚራሉን ነው። ከሁሉም የሚያስደነግጠው ግን የባሕር ኃይሉ የወንጀል ምርመራ መሥሪያ ቤት አንድ መርማሪ የምርመራውን ሰነዶች ለዚያው ነጋዴ ሲያቀብል መቆየቱ ነው፤ 12 ዓመት ተፈረደበት። ፋይሉ በተጠርጣሪው እጅ ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል በ2023 ዐቃብያነ ሕጉ በፈጸሙት ግድፈት ምክንያት የአራት መኮንኖች የከባድ ወንጀል ፍርድ ተነሥቶ ጉዳያቸው በቀላል ጥፋትና በ100 ዶላር ቅጣት አለቀ። ከሳሽ ማስረጃ አያያዙን ካበላሸ የዓመታት ድካም እንዲህ ይቀልጣል።

የመጨረሻው በር ጡረታ ነው። በ2012 የአሜሪካ የአፍሪካ ዕዝ የመጀመሪያው አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዊልያም ዋርድ በመንግሥት ገንዘብ ያለ አግባብ በመጓዝ አንድ ማዕረግ ዝቅ ብለው ጡረታ እንዲወጡና 82,000 ዶላር እንዲመልሱ ተወሰነ። በ2014 ብርጋዴር ጄኔራል ጄፍሪ ሲንክሌር በወታደራዊ ፍርድ ቤት 20,000 ዶላር ተቀጥቶ በሌተና ኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ። መርሁ መኮንን ጡረታ የሚወጣው በአጥጋቢ ሁኔታ ባገለገለበት የመጨረሻ ማዕረግ ነው የሚል ነው፤ የጡረታ አበሉም ዕድሜ ልክ በዚያ ይታሰባል። ይህ መርህ በሌለበት አገር ተጠርጣሪው ማመልከቻ ያስገባል፣ የሽኝት ድግስ ይደገሳል፣ ምርመራው «ተመርማሪው ከሠራዊቱ ስለተሰናበተ» ተብሎ ይዘጋል። አቤቱታ የቀረበበት መኮንን የጡረታ ጥያቄው መታገድ አለበት፤ እገዳውም ገደብ ይኑረው፣ ለምሳሌ 180 ቀን። ገደብ የምለው ንጹሕ ሰውም ስላለ ነው። የማዕረግ ዕድገት ሰሞን በተወዳዳሪ ላይ የሚዘንበውን ስም የለሽ ደብዳቤ ሠራዊቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

በጦርነት ወቅት ለሚፈጸም ግፍ ያለው የአዛዥ ኃላፊነትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1998 የጸደቀው፣ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ የሆነው የሮም ስምምነት አንቀጽ 28 የበታቾቹን ወንጀል ያወቀ ወይም በወቅቱ ሁኔታ ማወቅ ይገባው የነበረ አዛዥ ካልከለከለ፣ ካልቀጣ ወይም ጉዳዩን ሥልጣን ላለው አካል ካላቀረበ ይጠየቃል ይላል። «አላዘዝኩም» የሚለው መልስ ብቻውን የማያድነው ለዚህ ነው፤ ፋይሉን አንብቦ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ራሱ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ልመና አለኝ። የሚቀጥለው የጄኔራል ዜና ሲመጣ ከስሙና ከማዕረጉ ጎን ሦስት ቀኖችን አትሙልን፦ አቤቱታው የገባበትን፣ ምርመራው የተከፈተበትን፣ መኮንኑ ጡረታ የጠየቀበትን። የቃል አቀባዩ መግለጫ ከቦታ ጥበት የተነሣ ቢቆረጥ ግድ የለም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ