ከተማን በመንገዱ ማየት

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ አውሮፓ ከተሞች ካወጣችሁት ጽሑፍ ጋር የታተሙት ፎቶግራፎች የኤፍል ማማንና መሰል ታላላቅ ሕንጻዎችን ብቻ የሚያሳዩ መሆናቸው ቅር ስላሰኘኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ። የከተማ ጠባይ የሚገኘው በመንገዱ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዩጂን አትዤ እ.ኤ.አ. በ1927 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ከባድ የእንጨት ካሜራውንና የመስታወት ሰሌዳዎቹን ተሸክሞ፣ ብዙ ጊዜም ገና በማለዳ፣ የፓሪስን የሱቅ መስኮቶች፣ የግቢ በሮችና የጎዳና ነጋዴዎች ሲያነሣ ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ የፈረሱ በርካታ ቤቶች ዛሬ የሚታዩት በእሱ ምስሎች ነው። ሌላው ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሄንሪ ካርትዬ ብሬሶን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1932 ከፓሪሱ የሴንት ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በአጥር ቀዳዳ አሾልኮ፣ ያቆረ ውሃ የሚዘል ሰው አነሣ፤ የሰውየው ተረከዝ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ባለፈው ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሳለ በፒያሳ በኩል ሳልፍ፣ ዝናብ የመታቸው አንድ አባት ከአሮጌ ሕንጻ ክፈፍ ሥር ቆመው ጋቢያቸውን ሲጨምቁ አየሁ። ከጀርባቸው ቀለሙ የተላጠ የእንጨት መስኮት ነበር። ካሜራ አልያዝኩም፤ መስኮቱም ዛሬ በብረት ተተክቷል፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የወሎ ወጣቶች፣ የሚያነሡትን ሰው እንደ ባህላችን አስፈቅደው፣ የሚልኳቸውን የመንገድ ፎቶግራፎች የምታትሙበት አንድ ዓምድ እንድትከፍቱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከደሴ