ስቶር ባዶ ስለሆነ ሊን ሆነ ማለት አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጀስት ኢን ታይም፣ ማለትም ሊን በሚባለው ብክነትን የመቀነስ አሰራር ውስጥ የሚፈለገውን በሚፈለግበት ሰአት ብቻ ስለማምረት፣ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንዷ አረፍተ ነገር ከነከነችኝ። "ጀስት ኢን ታይም ማለት ስቶክ አለመያዝ ነው" የምትለዋ። ምርት ክፍል ውስጥ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ይቺን ነገር ሸምድደው የሚመጡ አለቆች ምን እንደሚያደርጉ ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የኛው አለቃ ስልጠና ወስዶ በመጣ በሳምንቱ ስቶሩ በግማሽ ይቀነስ አለ። ተቀነሰ። ማሽኖቹ ግን ያው ናቸው፣ ሻጋታ (እቃውን ቅርጽ የሚያሲዘውን የማሽን ክፍል) ለመቀየር ግማሽ ሺፍት ይፈጃል፣ እንደዛ ተለፍቶ የገባ ሻጋታ ደሞ ማንም ቶሎ ሊያወጣው አይፈልግም፣ ስለዚ አንዱን አይነት አምርተን አምርተን እንከምራለን ሌላው ያልቅና ደንበኛ ይጮሃል። ጥሬ እቃ የሚያቀርቡልን ደሞ እኛ አንይዝም ያልነውን እነሱ መጋዘን አስቀምጠው ወጪውን ዋጋ ላይ ጨምረው መጡ። ክምሩ ቤት ቀየረ እንጂ የትም አልሄደም።

ጀስት ኢን ታይምን የጀመሩት ቶዮታዎች እኮ የያዙት ከሌላው ጫፍ ነው። ሺጌዎ ሺንጎ የሚባለው ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1969 ቶዮታ ውስጥ ባለ 1000 ቶን ፕሬስ (ብረት ተጭኖ ቅርጽ የሚያሲዝ ማሽን) ላይ 4 ሰአት ይፈጅ የነበረውን የሻጋታ ቅየራ መጀመሪያ ወደ 90 ደቂቃ ከዛ ወደ 3 ደቂቃ አወረደው። አስማት የለውም፣ ማሽኑ እየሰራ እያለ ሊያልቅ የሚችለውን ስራ ሁሉ ቀድሞ መጨረስ ነው፣ ቀጣዩ ሻጋታ አጠገቡ ቀርቦ ቡሎኑም ቁልፉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ማሽኑ ቆሞ የሚሰራው ትንሿ ስራ ብቻ ትሆናለች። ቅየራው ካጠረ ትንሽ ትንሽ ማምረት ያዋጣል፣ ትንሽ ትንሽ ከተመረተ ስቶኩ ራሱ ይቀንሳል፣ ማንም ቀንሱ ብሎ ማዘዝ አይጠበቅበትም።

ደሞ የቶዮታ አመራረት ስርአት አባት ታይቺ ኦኖ ሀሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው፣ ደንበኛ ያነሳውን ያህል መደርደሪያው ይሞላል። ልብ በሉ፣ መደርደሪያው ባዶ አይደለም! ካንባን የሚባለው፣ ቀጣዩ ክፍል እቃ ሲያነሳ ወደ አምራቹ የሚመለሰው ካርድ ስራውም ይኸው ነው፣ ካርዱ ካልመጣ አታመርትም፣ በየመሀሉ ያለው እቃ ግን ልኩ የታወቀ ትንሽ ስቶክ ነው። ኦኖ ከዘረዘራቸው ሰባት የፋብሪካ ብክነቶች ዋናው ያለው ከሚፈለገው በላይ ማምረትን ነበር፣ ምክንያቱም ሌሎቹን ሁሉ ይሸፍናቸዋል፣ ክምር ካለ ማሽን ቢበላሽም ምርቱ ቢበላሽም ማንም አይደነግጥም።

ለዛ ነው የስርአቱ ሌላኛው እግር ስህተት ሲገኝ ማቆም የሆነው። የቶዮታ መኪና ኩባንያን የመሰረተው ሰው አባት ሳኪቺ ቶዮዳ ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም የሽመና ማሽን ሰርቶ ነበር፣ መኪና ፋብሪካውም ሰራተኛው ችግር ካየ ገመድ ስቦ መስመሩን እንዲያቆም ፈቀደለት። እኛ ጋ ያቆመ ኦፕሬተር ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት ነበር። እንግዲህ መጠባበቂያ የለ፣ ማቆም ክልክል፣ የተበላሸው እቃ ቀጥ ብሎ ደንበኛ ጋ ይደርሳል።

ቶዮታም ቢሆን ዋጋ ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፌብሩዋሪ ብሬክ ቫልቭ የሚያመርትለት የአይሲን ፋብሪካ ተቃጥሎ፣ የያዘው ቫልቭ የሰአታት ብቻ ስለነበር የጃፓን ፋብሪካዎቹ ቆሙ። ሌሎች አቅራቢዎች፣ የልብስ ስፌት ማሽን ሰሪ ሳይቀር፣ ቫልቭ መስራት ጀምረው ነው በቀናት ውስጥ የተነሱት። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደሞ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አቅራቢዎቹ ከ2 እስከ 6 ወር የሚሆን ስቶክ እንዲይዙ አደረገ። አቅራቢ ይያዝ መባሉ የኛን አለቃ ይመስላል፣ ልዩነቱ ግን እነሱ ከአደጋ በኋላ እቃው ተመልሶ ለመምጣት ስንት ግዜ ይወስዳል ብለው ለክተው ነው፣ በቀላሉ የሚገኘውን ቡሎን የስድስት ወር ያዙ አላሉም።

ስለዚ ቀጣይ ጽሁፍ ካላችሁ፣ "ሊን ሆነናል" የሚል ስራ አስኪያጅ ስታገኙ ስቶሩን እንዲያስጎበኛችሁ አትጠይቁት፣ ማሽኑ ጋ ሂዱና ሻጋታ የሚቀይረውን ልጅ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል በሉት። እኛ ጋ ስራ እስከለቀኩበት ቀን ድረስ ግማሽ ሺፍት ነበር።

የቀድሞ የምርት ክፍል ሱፐርቫይዘር