የአይሲቲ ክበብ በ2018 ዓ.ም፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለት በፊት

የክበባት ዘገባ ሲጻፍ የእኛ ክበብ ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ያልፋል። ስፖርት ክበብ ዋንጫ አለው። ሚኒ ሚዲያ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት ይሰማል። የእኛ ሥራ ግን ላብራቶሪ ውስጥ ስለሚሠራ የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

የተለመደውን ቶሎ ልጨርስ። መስከረም ላይ አባላትን መዘገብን። ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጡ፤ ዕቅዳችንም ጸደቀ። ረቡዕ ረቡዕ እየተገናኘን ወርድና ኤክሴል ተማርን፤ የኪቦርድ ፍጥነት ውድድርም አደረግን። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈረቃ ሲቀየር የተወሰኑ አባላት ቀሩብን። መብራት እየሄደ እየመጣ የአንዱን ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አቃጠለው። እስካሁን አልተተካም።

ዓመቱን የኛ ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ አልሰረዝ ያለ ፋይል።

ኮምፒውተር የነካ ሁሉ ያውቀዋል። ፋይሉን ትመርጣላችሁ፣ ዲሊት ትጫናላችሁ፣ «ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ስለተከፈተ ሊሰረዝ አይችልም» የሚል መስኮት ይመጣል። እናንተ ግን ምንም አልከፈታችሁም። ፍላሽ ለመንቀል ስትሞክሩም ያው ነው፤ «በሥራ ላይ ነው» ይላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ፍላሹን ዝም ብሎ ይነቅላል፣ ወይ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ጥገና ቤት ይሄዳል። እዚያ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ገንዘቡም ይከፈላል፣ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል።

ልጆቹ ይህን ጉዳይ ከሥሩ እንዲያውቁት ፈለግሁ። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት ዊንዶውስን ሁለት ነገር ያሳውቀዋል። አንደኛው ላነብ ነው ወይስ ልጽፍበት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ እኔ ይዤው ሳለ ሌላው ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ነው። መሰረዝን ካልፈቀደ፣ ፋይሉን እስኪለቅ ወይም እስኪዘጋ ድረስ ይህ ይጸናል። አስተዳዳሪ ሆናችሁ ብትገቡም መከልከሉ አይቀርም። አንዱ አባላችን «ልክ ከቤተ መጻሕፍት እንደተዋሱት መጽሐፍ ነዋ፤ ካርዱን አይቶ ማን ጋ እንዳለ መጠየቅ ነው» አለ። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ ሁሉም የያዙት ይህን ነው።

ካርዱን ማየት ደግሞ ይቻላል። በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረው ታስክ ማናጀር ውስጥ መስኮቱ ተዘግቶ ከጀርባ የቀረ ኤክሴል ይገኛል። ሪሶርስ ሞኒተር በሚባለው የዊንዶውስ መከታተያ ውስጥ ሲፒዩ የሚለው ገጽ ላይ የፋይሉን ስም ጽፎ መፈለግ ነው፤ የያዘውን ፕሮግራም በስሙ ያወጣዋል። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርም ይህንኑ ይሠራል። አንዳንዴ ያዡ ራሱ ፎልደሩን የሚያሳየን መስኮት ነው፤ በጎን በኩል ያለው ቅድመ ዕይታ ፋይሉን ከፍቶት ይገኛል። አንዳንዴ ደግሞ አንቲቫይረሱ እየፈተሸው ነው፤ ትንሽ ቢጠብቁት ይለቃል። ሁሉም ካልሆነ ሪስታርት አለ፣ ዊንዶውስን በጣም አስፈላጊ በሆኑት ፕሮግራሞች ብቻ የሚያስነሳው ሴፍ ሞድ አለ። ፎርማት ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለማነጻጸር በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት የጫንበት አሮጌ ማሽን ላይ ቪዲዮ እየታየ ፋይሉን ሰረዝነው። ስሙ ከፎልደሩ ጠፋ፤ ቪዲዮው ግን መጫወቱን ቀጠለ። ልጆቹ አላመኑም። ሊኑክስ መጀመሪያ ስሙን ነው የሚያነሳው። ይዘቱ የሚለቀቀው የመጨረሻው ፕሮግራም ሲዘጋው ነው። የዲስኩን ባዶ ቦታ ቪዲዮው ሳይዘጋና ከተዘጋ በኋላ አስለካኋቸው፤ ልዩነቱን በዓይናቸው አዩት።

አሁን ወደ ጉብኝታችን ልምጣ። ሚያዝያ ላይ በአካባቢያችን ወዳለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄድን። ዕቅዳችን ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ኮምፒውተር ገለጻ መስጠት ነበር። ገለጻው ሳይጀመር የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ መጡ። በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው። የስምንተኛ ክፍል ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎቹ ስምና ውጤት መዝገብ፣ ያለበት ፍላሽ በእጃቸው ነው። ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት ብቻ፣ ሆነዋል። ጥገና ቤት «ፎርማት ካልሆነ አይድንም» ብሏቸዋል። ሌላ ኮፒ የለም።

ልጆቹ ከበው ቆሙ። የቫይረሱ ፋይል ፍላሹ ላይ ነበር፤ ሰረዙት። በሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ መጣ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮፒ አገኙ። እሱን ሲሰርዙት ያ የታወቀው መስኮት መጣ፤ ፋይሉ ተከፍቷል። ከወንዶቹ አንዱ «ቲቸር፣ ፎርማት እናድርገው በቃ» አለ። ከኋላ የቆመች አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለችን። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። «መጀመሪያ ማን እንደያዘው አንይም?» አለች።

መስኮቱን በደንብ አነበበችው። ብዙዎቻችን አናነበውም እንጂ የያዘው ፕሮግራም ስም እዚያው ተጽፏል፤ የዊንዶውስ የስክሪፕት ማስኬጃ ነው። ፍላሹን አስነቀለች። ታስክ ማናጀር ከፍታ ደብሊውስክሪፕት የሚለውን ፈልጋ ዘጋችው። ከዚያ ፋይሉን ሰረዘችው፤ ያለ ምንም ጥያቄ ሄደ። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው ከሚነሱት ውስጥም ገብታ የቫይረሱን ኮፒ አጠፋች። ከዚያ በኋላ ነው ፍላሹን የመለሰችው። ሾርትከቶቹን ሳትከፍት ቫይረሱን ከላዩ ላይ ሰረዘችው። አሁን ተመልሶ አልመጣም። በጥቁሩ መስኮት ላይ አትሪብ የሚለውን ትእዛዝ ጽፋ የተደበቁት ፎልደሮች እንዲታዩ አደረገች። ከመጀመሪያውም አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ሾርትከት ነው ያስቀመጠባቸው። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ግን በእርግጥ ይጠፉ ነበር።

ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ሠራተኛዋ ሮስተሩን ከፈቱ። የልጆቹን ስምና ውጤት እስከ ታች ድረስ እየወረዱ አዩ። «ተባረኪ ልጄ! እደጊ!» ብለው ግንባሯን ሳሟት። እሷ ግን ሥራዋን አልጨረሰችም ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ፍላሽ የገባባቸው ሌሎች ኮምፒውተሮች የት አሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። የርዕሰ መምህሩንም፣ የመምህራን ክፍሉንም ማሽን አጸዳን። ገለጻው ዘገየ፤ ማንም ቅር አላለውም። ይህች ልጅ ቤቷ ኮምፒውተር የላትም። የተማረችው ሁሉ ረቡዕ ረቡዕ፣ በእኛው ላብራቶሪ፣ አንዱን ማሽን ከሌሎች ጋር ተጋርታ ነው።

ይህን የምጽፈው ክበቡ «ጨዋታ ቤት ነው» ሲባል ስለምሰማ ነው። አይደለም። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በኦንላይንም እየተሰጠ ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው በፈተናው ቀን መሆን የለበትም። የእኛ ማሽኖች ግን አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 ላይ ናቸው። ለዚህ ማይክሮሶፍት የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ካቆመ ከጥር 2012 ዓ.ም ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። የፍላሽ ቫይረስ የሚፈነጭብን በዚህም ምክንያት ነው። ዘንድሮ ለላብራቶሪው የተመደበ የጥገና በጀት አልነበረም። የመዝጊያ በዓሉ ድንኳንና ሞንታርቦ ግን ተከራይቷል። በዓሉን አልቃወምም፤ ከዚያ ላይ ጥቂቱ ወደዚህ ቢመጣ እላለሁ።

ወመህን (የወላጅና መምህር ኅብረትን) እና የቀድሞ ተማሪዎቻችንን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማሽኖቹን ከመብራት የሚጠብቅ ስታብላይዘር ያስፈልገናል። የትምህርት ቤታችን ሮስተር በአንድ ፍላሽ ላይ እንዳይቀር ኮፒ የምናስቀምጥበት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክም ያስፈልገናል። ለተቃጠለው ማሽን አንድ ፓወር ሰፕላይ እንፈልጋለን። ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው ቢሰጠን ልጆቹ ራሳቸው አስተካክለው ይጠቀሙበታል። ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገርም አለ፤ በከሰዓት ፈረቃ ምክንያት የቀሩብን አባላት እንዲመለሱ ላብራቶሪው ቅዳሜ ጠዋት ይከፈትልን። ቁልፉን በኃላፊነት ተረክቤ አብሬያቸው እውላለሁ።