ፍጥነት በአንድ ቦታ ሳይሆን በሁለት ካሜራዎች መካከል ይለካ

ክቡር አዘጋጅ፣

ከከተማ ውጭ ባሉ አውራ መንገዶቻችን ላይ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ ይተከል የሚለውን ሐሳብ ከልብ እደግፋለሁ። ነገር ግን አተካከሉ በቅጡ ካልታሰበበት ገንዘቡ ባክኖ አደጋው እንደነበረ ይቀጥላል የሚል ስጋት አለኝ።

ከባቱ ተነስቶ በአዳሚ ቱሉ፣ በቡልቡላና በአርሲ ነገሌ አልፎ ሻሸመኔ የሚደርሰውን ነባሩን አስፋልት የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። መንገዱ ሜዳማና ቀጥ ያለ በመሆኑ ሾፌሩን ነዳጅ ያስረግጠዋል፤ የአህያ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከብት የሚነዳው ልጅና ከገበያ የሚመለሰው እግረኛ ግን የሚሄዱት በዚያው አስፋልት ጠርዝ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ራዳር ይዞ ሲቆም ከወዲያ የሚመጣው ሾፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ያስጠነቅቃል። የእኛው ሾፌር ቀስ ብሎ ፖሊሱን ያልፍና የባከነችውን ደቂቃ ለማካካስ ከበፊቱ ይበልጥ ይረግጣል። ተሳፋሪውም ቶሎ መድረስ ስለሚፈልግ ዝም ይላል፤ ይህ ዝምታችን በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ቦታ ላይ የተተከለ ካሜራም ሾፌሮች ቦታውን ለይተው እስኪያውቁት ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ የምጠይቀው በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት የሚለካው ዓይነት ካሜራ እንዲተከል ነው። የመጀመሪያው ካሜራ ታርጋውንና ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ሁለተኛውም እንዲሁ፤ የቀረው ርቀቱን ለፈጀው ጊዜ ማካፈል ብቻ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሆነበት መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር በ18 ደቂቃ የጨረሰ መኪና በአማካይ በ100 መሄዱ አያከራክርም። በ100 የሚሄድ መኪና ደግሞ በአንዲት ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ጋሪ ነጂው ዞር ብሎ እስኪያይ እንኳ ጊዜ የለም። በስኮትላንድ ከደንብሌን እስከ ኢንቨርነስ በሚዘልቀውና ሰፊ ክፍሉ መሃል ላይ አካፋይ በሌለው ኤ9 መንገድ ይኸው ዘዴ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል።

በእኛ አገር አስቸጋሪው ነገር ከካሜራው በኋላ ያለው ነው። የሚኒባስና የጭነት መኪና ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ ተቀጣሪ ሲሆን፣ ባለንብረቱ የቀን ገቢውን ስለሚጠብቅበት አንድ ተጨማሪ ምልልስ ለመሥራት ይጣደፋል። ቅጣቱ ሾፌሩ ላይ ብቻ ካረፈ የሚያጣድፈው ሰው አይነካም። ስለሆነም ማስታወቂያው በአጭር የስልክ መልእክት በቀጥታ ለባለንብረቱ ይድረሰው፤ በዕለቱ ማን እንደነዳ ካላሳወቀ ራሱ ይክፈል፣ ካልከፈለም ቦሎ አይታደስለት። ታርጋውን በጭቃ ሸፍኖ የሚሄድም በዚያው መጠን ይቀጣ።

ካሜራው ገንዘብ መሰብሰቢያ ይሆናል ብለው የሚሰጉ ሰዎችን ስጋት አላጣጥልም። ካሜራ ያለበት መንገድ በጉልህ ምልክት ይታወቅ፤ የቅጣቱም ገንዘብ ለቀጪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን በመኪና አደጋ ለተጎዱ ሰዎች ሕክምና ይዋል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ይህን ዘዴ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ለአንድ ዓመት ሞክሮ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የደረሰውን የሞትና የአካል ጉዳት ቁጥር ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሻሸመኔ