ወንድምዓለም፣ ይኸው ጻፍኩልህ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። የእማማን መርዶ የሰማሁት ካረፉ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። «አሁን ምን ብዬ ልደውል» እያልኩ ሳመነታ ወሩ ዓመት ሆነ። ይቅር በለኝ። ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ መቃብር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከደብሊን ወደ ምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ በሚባል አውራጃ ውስጥ ወዳለች ስትሬድ የምትባል መንደር ሄድኩ። የአየርላንድ ጭሰኞች መሪ የነበረው ማይክል ዴቪት የተወለደውም የተቀበረውም እዚያ ነው። ስለ ጭሰኛና ባላባት ስንከራከር ያደርንባቸው የካምፓስ ሌሊቶች ትዝ አሉኝ። ያኔ ይህን ሰው ብናውቀው ኖሮ!

አባቱ ጭሰኛ ነበር። እሱ የተወለደው በፈረንጆቹ 1846፣ ድንቹ በስብሶ ሕዝቡ በረሃብ ባለቀበት ዘመን ነው። በ1850 የመሬቱን ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ተባረሩ። የድሆች መጠለያ ገቡ። ደንቡ ግን ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ልጅ ከእናቱ ይለያል ይላል። ማይክል አራት ዓመቱ ነው። እናቱ ካትሪን ልጇን ይዛ ወጣች። በዚያ ረሃብ፣ ምግብና ጣሪያ ካለበት ቤት! እዚህ ላይ ስደርስ እማማ ድቅን አሉብኝ። አንተን ለዘመድ ስጪ ሲሏቸው «ከልጄ ጋር እራባለሁ» ማለታቸውን ስንቴ ነገሩን፤ ቡናውን እየቆሉ፣ ጭሱን በእጃቸው ወደኛ እየገፉ።

ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ11 ዓመቱ የጥጥ ፋብሪካ ማሽን ቀኝ እጁን ያዘው፤ ተቆረጠ። ካሳ የሚባል ነገር የለም። ኋላ የአየርላንድ ነፃነት ታጋይ ሆነ። በጦር መሣሪያ ጉዳይ 15 ዓመት ተፈርዶበት ሰባቱን ታሰረ፤ በአንድ እጁ ድንጋይ ፈለጠ።

ሲፈታ ወደ ሜዮ ተመለሰ። በ1879 ከጓዶቹ ጋር ላንድ ሊግ የተባለውን የጭሰኞች ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የፓርላማ አባሉ ፓርኔል፣ ራሱ ባለርስት ነበር፤ ይህ እስካሁን ይገርመኛል። በማግሥቱ ዓመት ካፒቴን ቦይኮት የሚባል የባለርስት ወኪል ጭሰኞች ሊያስወጣ ሲል አገሬው አኮረፈው። አዝመራውን የሚሰበስብለት ጠፋ፣ ባለሱቁም አልሸጥለትም አለ። ከሰሜን 50 አጫጆች መጡለት፤ የሚጠብቋቸው ወታደርና ፖሊስ ግን አንድ ሺህ ያህል ነበሩ። «ቦይኮት» የምንለው ቃል የሰውዬው ስም ነው።

በ1881 ሕግ ወጣ፤ ኪራዩን የከፈለ አይባረርም ተባለ። ከ1903 ወዲህ ደግሞ ብዙው ገበሬ መሬቱን እየገዛ የራሱ አደረገ። ዴቪት ግን መሬት የሕዝብ ሁሉ ይሁን ባይ ነበር። እዚህ ላይ አልስማማም፤ እኛ ያየነውን አይተናል። አንተ ከሱ ጋር እንደምትቆም አውቃለሁ።

የተቀበረው ከፈረሰ ገዳም አጠገብ ነው። ሣሩ እርጥብ ነበር። ለእማማ ሻማ ላበራ ሞከርኩ፤ ነፋሱ ሁለቴ አጠፋብኝ። በሦስተኛው በኮቴ ከልዬ አበራሁት፤ አልቆ እስኪጠፋ ቆምኩ።

ስልክህ ያው ከሆነ እሁድ ማታ እደውላለሁ።

ወንድምህ