ቅጠል መጨመር ያለቀ ጎሚኒን አይተካም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የድሮዎቹ ላንድክሩዘር 75ዎች የገጠሩን ኮረኮንች አሁንም ችለውት ይሄዳሉ። ሲንኳኩና ሲያዘነብሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚደረግላቸው ባሌስትራው (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው ሞላ) ላይ አንድ ቅጠል መጨመር ነው። ቅጠሉ ሸክም ይይዛል እንጂ ያለቀውን ጎሚኒ (ፒኑን የሚያቅፈውን ጎማ) አይተካም።

ጎሚኒው በባሌስትራው ቋሚ ፒን፣ በሻክሉም (የባሌስትራውን ሌላ ጫፍ ከሻሲው የሚያያይዘው ብረት) ላይኛና ታችኛ ፒን ላይ ይገኛል። ሲያልቅ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ መሪው ወዲያ ወዲህ ይላል። ሻክሉን በረጅም ብረት ገፋ ሲያደርጉት ከተወዛወዘ መቀየሪያው ደርሷል።

ሻሲው በጠንካራ ማቆሚያ ይደገፍ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ስር መግባት ነፍስ ያስከፍላል። አዲሱን ጎሚኒ በሳሙና ውሃ ማስገባት ነው እንጂ ግራሶ አይቀባም፤ ያሳብጠዋል።

በጣም የሚያሳዝነው ስህተት ጎማው አየር ላይ እንዳለ የፒኑን ዳዶ ማጥበቅ ነው። መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። እስኪይዝ ብቻ አስሮ፣ መኪናውን መሬት አውርዶ፣ ወዝወዝ አድርጎ ነው ማጥበቅ።

ዩ ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ያለው ብሎን) አንዴ ከጠበቀ ይለጠጣልና አዲስ ይግባ። 4ቱ ዳዶ በመስቀል ይጥበቅ፤ ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ይደገም። ከላላ ቅጠሎቹን የሚያስረው የመሃል ብሎን ይቆረጣል፣ አክስሉም ከቦታው ይሸሻል። ሾክ አብዞርበር ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መካኒክ