ለእህቴ መዝገብ ለደከማችሁ ሁሉ፣ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። በእህቴ ገዳይ ላይ የተሰጠውን ፍርድ ሰምታችኋል፣ ስልካችንም ከዛን ቀን ጀምሮ አላረፈም፣ ስለዚህ የሆነውን እንደገና አልዘረዝርም፣ አቅሙም የለኝም። እናቴ ከሰላሳ ዓመት በላይ "የልጄ ነገር ምን ደረሰ?" እያለች ኖራ ኖራ በህይወት እያለች መልሱን ሰማች፣ በቃ ይሄ ይበቃኛል። ምስጋናውን በቅደም ተከተል ልፅፍ ሞክሬ እንባዬ እየቀደመኝ አልሆነልኝም፣ እንደመጣልኝ ተቀበሉኝ።

ዐቃቤ ህጎች፣ በየጊዜው መዝገቡን የተቀባበላችሁ መርማሪዎች፣ በየቀጠሮው ከስራ ቀርታችሁ አብራችሁን ችሎት የዋላችሁ ዘመድ ጎረቤቶች፣ የእህቴ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልናገር። "ስሜን እንዳትጠሪ" ስላሉኝ አልጠራም። የኤግዚቢት ክፍል (ለማስረጃ የተያዙ እቃዎች የሚቀመጡበት) ሠራተኛ ነበሩ። ገዳዩን ስላስያዘው የዲኤንኤ ቴክኖሎጂ ብዙ ተወርቷል፣ ልክ ነው፣ ግን ቴክኖሎጂው የሚመረምረው ነገር ባይኖር ምን ይሰራ ነበር? ያንን ያቆዩልን እሳቸው ናቸው። የገዳዩ ዲኤንኤ የተገኘበት የእህቴ ሹራብ መጀመሪያ የገባው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር። የዲኤንኤ አሻራ ዘዴን እንግሊዛዊው አሌክ ጄፍሪስ ያገኘው በፈረንጆቹ 1984 ነው፣ በየፖሊስ ጣቢያው እስኪታወቅ ደግሞ ስንት ዓመት ፈጅቷል፣ ስለዚህ ያኔ ልብሱን የሰበሰበውን ሰው አልፈርድበትም። ግን ፕላስቲክ እርጥበት ያፍናል፣ የታፈነ እርጥበት ሻጋታና ባክቴሪያ ያመጣል፣ ዲኤንኤው እዛው ይበላሻል። እኚህ እናት መዝገቡ አቧራ በጠጣበት፣ ማንም በማይጠይቅበት ሰዓት፣ አለቃቸውን አስፈቅደው እያንዳንዱን ልብስ አውጥተው፣ ጓንት እየቀየሩ፣ አንድ በአንድ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አደረጉት። በየከረጢቱ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ። ቢሮው ሲቀየር አሮጌ ኤግዚቢት ይወገድ ተብሎ ዝርዝር ወጥቶ ነበር፣ የእህቴ ቁጥርም እዛ ውስጥ ነበረ። "ይሄ የግድያ መዝገብ ነው፣ ሰውየው አልተያዘም፣ አይወገድም" ብለው አስሰረዙት። ይሄን ሁሉ ለኛ እንኳን ነግረውን አያውቁም፣ እኛ የሰማነው ችሎት ላይ ነው።

ጡረታ ወጥተው፣ እግራቸው እያመማቸው መጥተው መሰከሩ። የተከሳሹ ጠበቃ "ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ያን ቀን እንዴት ሊያስታውሱት ይችላሉ?" አላቸው። "አላስታውሰውም ልጄ፣ ፊርማው ግን የኔ ነው" አሉት። ስንት ምስክር ሞቷል፣ የቀሩትም የዛን ማታ ነገር ከሰሙትና ካነበቡት ጋር ተቀላቅሎባቸዋል፣ በእንደዚህ አይነት የቆየ ጉዳይ ላይ ያቺ ፊርማ ምን ማለት እንደሆነች ያየ ያውቃታል። ሹራቡ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ አንድም ክፍተት አልተገኘም። እናታችን፣ እድሜ ይስጥልን፣ እጅዎን ስሜ አልጠግብም።

የላብራቶሪው ልጅ ደግሞ (አንተም ስምህን ተው ብለሃል) ከሹራቡ የተገኘችው ናሙና ትንሽ ናት፣ አንዴ ከተመረመረች ታልቃለች፣ የተሻለ ዘዴ እስኪመጣ ትቆይ ብለህ መፅናትህ አሁን ነው የገባኝ። ያኔ ቸኩላችሁ ብትጨርሷት ኖሮ ዛሬ ምንም አልነበረንም። በኋላ ዲኤንኤው በመንግስት ዳታቤዝ ውስጥ ሲፈለግ የሚገጥመው አልተገኘም፣ ሰውየው ተይዞ አያውቅማ፣ ናሙናው ከየት ይገባል! በፈረንጆቹ 2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲፈለግ የኖረው ገዳይ በሩቅ ዘመዶቹ ዲኤንኤ ተደረሰበት የሚለው ዜና ሲወጣ መርማሪያችን ራሱ ደውሎ "ተስፋ አለ" ያለኝ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ወንድሜ፣ አንተ የኛ ቤተሰብ ነህ።

ከዛ ደግሞ የማላውቅህ ወይም የማላውቅሽ ሰው አለ። የዘር ሐረጉን ለማወቅ ብሎ ዲኤንኤውን ሰጥቶ ፖሊስም ቢያየው ፈቃደኛ ነኝ ያለ፣ ከገዳዩ ጋር በቅድመ አያት ወላጅ የሚገናኝ ሰው። እንዲህ አይነት ዘመዳሞች የሚጋሩት ዲኤንኤ በአማካይ ከ1 ፐርሰንት በታች ነው። ከዛች ተነስተው የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት መዝገብ እያገላበጡ የቤተሰብ ዛፍ ሰርተው አንድ ስም ላይ ደረሱ፣ እሱም ማስረጃ ስላልሆነ ከራሱ ከሰውየው ናሙና ተወስዶ ሹራቡ ላይ ካለው ጋር እስኪገጥም ተጠበቀ። ለራስህ ዘመዶች ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስባለሁ። እናንተ ምንም አላጠፋችሁም፣ ማንም ክፉ እንዳይናገራችሁ።

ለዛ ሁሉ ዓመት በጥርጣሬ ዓይን ሲታይ ለኖረው ጎረቤታችን ደግሞ ምን ልበል። ስራ ያጣው፣ ሰው የራቀው በኛ ሀዘን ምክንያት ነው። ናሙና ስጥ ሲባል ያለማመንታት ሰጠ፣ ነፃ ወጣ። እንግሊዝ ውስጥ ዲኤንኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግድያ ምርመራ ሲውልም ገዳዩን ከማስያዙ በፊት ያልገደለ ወጣት ነበር ነፃ ያወጣው። ጋሼ፣ የፍርዱ ቀን መጥተህ እናቴን አቅፈህ ማልቀስህን እስክሞት አልረሳውም፣ ይቅርታ ሊጠይቁህ የሚገባ ሰዎች ይሄን ካነበቡ ዛሬውኑ ደውሉለት።

ስማችሁን ያልጠራኋችሁ ይቅር በሉኝ፣ ብዙ ናችሁ፣ ጭንቅላቴም አሁን በቦታው አይደለም።

ልለጥፈው ስል ታናሼ አስታወሰችኝ፦ የመጀመሪያው ቀን ቦታው ላይ ደርሶ በእጁ ንድፍ የሳለውና የእያንዳንዱን እቃ ርቀት በሜትር የፃፈው ፖሊስ አርፏል። ያ ወረቀት ችሎት ላይ ቀርቧል። ልጆቹ፣ አባታችሁ በደንብ ሰርቷል፣ አድራሻችሁን የሚያውቅ ካለ በውስጥ ይላክልኝ፣ ከእናቴ ጋር መጥተን ልናመሰግናችሁ እንፈልጋለን።

የሟች እህት፣ ከመላው ቤተሰብ ጋር